ከሐርትፎርድ ወደ ካሜሎት፦ የማርክ ትዌይን የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ በ1927 የመድረክ ኮሜዲ የሆነበት መንገድ

ኖቬምበር 3 ቀን 1927 በኒው ዮርክ 48ኛው ጎዳና በነበረው ቫንደርቢልት ቴአትር «ኤ ኮኔቲከት ያንኪ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ብሮድዌይ በሚባለው የከተማው የቴአትር ሠፈር ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የሎረንዝ ሃርት፣ ቃለ ተውኔቱ የኸርበርት ፊልድስ ነው። ሳምንት ስምንት ጊዜ እየታየ ከ400 ጊዜ በላይ ዘለቀ፤ አንድ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። መነሻው ማርክ ትዌይን በ1889 ያሳተመው፣ አንድ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሰው ወደ እንግሊዙ የአፈ ታሪክ ንጉሥ ወደ አርተር ዘመን ሲወረወር የሚያሳየው ልብ ወለድ ነው።

ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃው መጽሐፉ ለመድረክ ኮሜዲ ጭራሽ የማይመች መሆኑ ነው። ቦታው ብዙ፣ ማሽኑ ብዙ፣ ሬሳው ደግሞ ከሁሉም የበዛ። ሦስቱ ሰዎች ይህን ሁሉ ለማሳጠር አልደከሙም፤ የሳቁን ምንጭ ቀየሩት። ትዌይን በማሽን ያስቃል፤ እነሱ በአፍ። የቀነሱትም የጨመሩትም ከዚህ ውሳኔ የመጣ ነው፤ ያስከፈላቸውም ዋጋ እንዲሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው

ተራኪው ሃንክ ሞርጋን በኮኔቲከት ግዛት፣ በሐርትፎርድ ከተማ፣ የኮልት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። ሄርኩለስ የሚባል ጉልበተኛ ሠራተኛ አናቱን በድጅኖ ይለዋል፤ ሲነቃ ዘመኑ 528 ዓ.ም.፣ አገሩ እንግሊዝ ነው። ሊያቃጥሉት ሲሉ የፀሐይ ግርዶሽ ጁን 21 ቀን እንደሚሆን ያውቅ ስለነበር «ፀሐይን አጠፋታለሁ» ብሎ ያስፈራራና ይድናል። ከዚያ «አለቃው» የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ አገሩንም በስልክ፣ በቴሌግራፍ፣ በባቡር፣ በጋዜጣና በትምህርት ቤት ይሞላዋል።

በየመንገዱ ያሉት ቀልዶች ድንቅ ናቸው። ምሰሶ ላይ ቆሞ በ24 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ 1,244 ጊዜ የሚሰግድ መናኝ አለ፤ ያ ሁሉ ጉልበት በከንቱ መባከኑ ያንገበገበው ሃንክ በላስቲክ ገመድ ከስፌት መኪና ጋር ያያይዘውና በአምስት ዓመት ከ18,000 በላይ ሸሚዝ ያሰፋዋል። ፈረሰኞች የሳሙና ማስታወቂያ ለብሰው አገር ያዞራሉ። ንጉሡና ሃንክ እንደ ተራ ሰው ለብሰው ሲዘዋወሩ ተይዘው ለባርነት ይሸጣሉ፤ ንጉሡ በ7 ዶላር፣ ሃንክ በ9። ሊሰቀሉ ሲሉ ደግሞ የብረት ልብስ የለበሱ 500 ፈረሰኞች በብስክሌት ይደርሱላቸዋል። መጨረሻው ግን ጨለማ ነው፦ 54 ሰዎች ሆነው በኤሌክትሪክ አጥርና በጋትሊንግ መትረየስ 25,000 ፈረሰኞችን ይፈጃሉ።

ከነዚህ አብዛኞቹ ሲነበቡ እንጂ ሲታዩ አያስቁም። ብስክሌቶቹን እንውሰድ። ወረቀት ላይ 500 ብስክሌት የአንድ ዐረፍተ ነገር ወጪ ነው። ስምንት መቶ ሰው እንኳ በማይሞላበት ትንሽ ቴአትር መድረክ ላይ ስድስት ብስክሌት ለማስገባት ከመጋረጃ ጀርባ ማቆሚያ፣ መንደርደሪያ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ማስቆሚያ ያስፈልጋል። ታዳሚው ይስቃል፤ አንዴ። ቁሳቁስ የሚያመጣው ሳቅ የመጀመሪያ ዕይታ ሳቅ ስለሆነ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ብስክሌቱ መድረኩን የሚያጣብብ ዕቃ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ለዓይን አይታይም። መጽሐፉ የተተረከው በ«እኔ» ነው። የአርተር ሰዎች እንደ ጥንቱ የፈረሰኞች ዜና መዋዕል በረዥሙና በተንዛዛው ያወራሉ፤ ሃንክ በደረቅ የፋብሪካ አነጋገር ይታዘባቸዋል። ሳቁ ያለው ከትዝብቱ ላይ ነው። ተውኔት ደግሞ ተራኪ የለውም። መጽሐፉን በየትዕይንቱ ቆራርጦ ለመድረክ የሚያበቃ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ሴራው ብቻ ነው፣ ያም ብቻውን አያስቅም። የፊልድስ መፍትሔ ትዝብቱን ከተራኪው ጭንቅላት አውጥቶ በገጸ ባሕርያቱ አፍ መካከል ማጋጨት ነበር።

በነፃ የተገኘው መብት በገንዘብ ተገዛ

ሐሳቡ ከ1927 ብዙ ይቀድማል። በ1921 ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ወጥቶ ነበር። ሦስቱ ወጣቶች እሱን አይተው ወደ ትዌይን ውርስ ጠበቃ ሄዱ፤ ደራሲው በ1910 አርፏል። ጠበቃው ለስድስት ወር የሚጸና ኦፕሽን፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መብቱን የመግዛት ቅድሚያ፣ ያለ ክፍያ ሰጣቸው። ሮጀርስ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ገንዘብ የሚያወጣላቸው ፕሮዲዩሰር አላገኙም፤ ስድስቱ ወር አለቀ። በ1925 «ጋሪክ ጌይቲስ» በተባለው ዝግጅት ስማቸው ከተጠራ በኋላ ተመልሰው ሲሄዱ ነፃ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከፈሉ።

በወቅቱ የአሜሪካ ሕግ የመጽሐፍ ጥበቃ ከነእድሳቱ 56 ዓመት ስለሚቆይ ይህ ልብ ወለድ እስከ 1945 ባለቤት ነበረው፤ ጠብቆ በነፃ መውሰድ አይታሰብም ነበር። ስድስት ወር ደግሞ ለሙዚቃዊ ተውኔት እጅግ አጭር ነው፦ ጽሑፉ፣ ዜማው፣ ለባለገንዘብ የሚቀርበው የሙከራ ንባብ፣ የቴአትር ኪራይ ሁሉ ይጠብቃሉ። ኦፕሽን የሚፈርም ሰው ገና ሲጀመር የማራዘሚያ አንቀጽ ከነዋጋው ማስገባት አለበት። ዋጋው የሚወሰነው ሥራው ከታወቀ በኋላ ከሆነ፣ የራስ ስኬት ራስን ያስከፍላል።

በዚያው በ1927 ሁለተኛ የመብት ጉዳይ መጣ። ለመግቢያው ትዕይንት የሚሆን ትልቅ የፍቅር ዘፈን አስፈለገ፤ «ማይ ሃርት ስቱድ ስቲል» የሚለው ተገኘ። ዘፈኑ ግን በሜይ 1927 በለንደን ፓቪልዮን ቴአትር በፕሮዲዩሰር ቻርልስ ኮክራን ዝግጅት ውስጥ ቀድሞ ተዘፍኖ ነበር። ብሮድዌይ ላይ ለማዋል ደራሲዎቹ የገዛ ዘፈናቸውን መብት ከኮክራን መልሰው መግዛት ግድ ሆነባቸው።

ድጅኖው ጠርሙስ ሆነ

በተውኔቱ ዋናው ሰው ማርቲን ይባላል። ዘመኑ ትዌይን የጻፈበት አይደለም፤ ታዳሚው ራሱ የሚኖርበት 1927 ነው። የሠርጉ ዋዜማ ነው፤ ድግስ አለ። የሚያገባት ፌይ ሞርጋንን ነው፤ ልቡ ግን አሊስ ካርተር ዘንድ ነው። ፌይ ሁለቱን አብረው ስታገኛቸው የሻምፓኝ ጠርሙስ አንስታ አናቱን ትለዋለች። መብራት ይጠፋል፤ ሲበራ የንጉሥ አርተር መናገሻ ካሜሎት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የማርቲን ሕልም ነው። (በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ አልኮል በሕግ የተከለከለ ስለነበር ጠርሙሱ ገና ሳይሰነዘር ሥራውን መጀመሩ አይቀርም።)

ድጅኖው እንዳለ ቢቆይ ኖሮ ፋብሪካ፣ ሠራተኞችና የቡጢ ጠብ ማሳየት ይጠይቅ ነበር፤ ከነዚህ አንዱም በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ጠርሙሱን የያዘችው ሴት ግን ትመለሳለች። ፌይ ሞርጋን ካሜሎት ስትደርስ የንጉሡ ክፉ እኅት ሞርጋን ለ ፌይ ናት። አሊስ ካርተር አሊሳንድ ላ ካርተሎይዝ ትሆናለች፣ በቁልምጫ ሳንዲ። ሳንዲም ሞርጋን ለ ፌይም መጽሐፉ ውስጥ ከነስማቸው አሉ፤ ፊልድስ ከጥንቶቹ ስሞች ወደ ዘመኑ መጥቶ ዘመናዊዎቹን ሴቶች ሰየማቸው። ተመልካቹ ካሜሎት ሲገባ እንግዳ ሰው መተዋወቅ አይጠበቅበትም። ፊቶቹን ያውቃል፤ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እጁ ፈጣን እንደሆነ ያውቃል። ገላጭ ንግግር የሚፈጀው ጊዜ ሁሉ ተረፈ።

የሕልም መዋቅሩ በድፍረት የተገባበት አልነበረም። አንድ ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1926፣ እነዚሁ ሦስት ሰዎች በዚሁ ቴአትር «ፔጊ-አን»ን አሳይተው ነበር፤ አብዛኛው የአንዲት ልጅ ሕልም ነው፣ ተወዶም ነበር። ታዳሚው መንገዱን ስለተለማመደ ወደ ሕልሙ መግቢያ ረዥም ማብራሪያ አላስፈለገም። አንድ ምት፣ አንድ ጨለማ ይበቃል።

ሕልም ግን ያስከፍላል። ማርቲን ቢቃጠልም እንደሚነቃ ተመልካቹ ያውቃል። የሞት ስጋት ስለማይሠራ ጥያቄው «ይድናል ወይ» መሆኑ ይቀርና «ሲነቃ ማንን ያገባል» ወደሚለው ይዞራል። ለዚህም ነው የመግቢያው የፍቅር ትዕይንት ሊሳሳ የማይችለው። ብዙ አዘጋጆች ወደ ካሜሎት ለመድረስ ቸኩለው መግቢያውን ይከረክሙታል፤ ያኔ ሁለተኛው ገቢር መሐል ላይ ታዳሚው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል፣ ምክንያቱም የሚጠብቀው ነገር የለም።

ተዋናዮቹ ሁለት ሁለት ሰው ስለሚሆኑ የልብስ ለውጡ በጊዜ መታቀድ አለበት። ወደ ካሜሎት የሚወስደው ለውጥ አያስቸግርም፤ ሳንዲና ሞርጋን ወዲያው መታየት የለባቸውም። የሚያስጨንቀው መመለሻው ነው። ማርቲን ሲነቃ ሁሉም የ1927 ልብሳቸውን ለብሰው መገኘት አለባቸው፤ የካሜሎቱ ፍጻሜ ደግሞ ሁሉንም መድረክ ላይ ይዟቸዋል። መጀመሪያ ማርቲንን ብቻውን ማንቃት፣ ኦርኬስትራው የታወቀውን ዜማ ሲደግም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ መግዛት፣ ለእያንዳንዷ ተዋናይት ሁለት አልባሾች ማቆም ያዋጣል። ቁልፍ በመንጠቆ ወይም በሚጫን ቁልፍ ይተካ። ጫማ አይቀየር፤ ረዥሙ የካሜሎት ቀሚስ ይሸፍነዋል። ጸጉር ደግሞ በዘመኑ ፋሽን እድል ይሰጣል፦ የ1920ዎቹ አጭር ቁርጥ ከረዥሙ ዊግ ሥር ተዘጋጅቶ ስለሚቀመጥ፣ ሳንዲን አሊስ ለማድረግ ዊጉን ማንሳት ይበቃል።

የፈረሰኞቹ የብረት ልብስም የራሱ ጣጣ አለው። እውነተኛ ሙሉ የብረት ልብስ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፣ ያንኳኳል፣ ዳንስ አይታሰብበትም። ለሰንሰለት ጥሩሩ የተለመደው ዘዴ ወፍራም የጥጥ ክር በልል አሠራር ሹራብ ሠርቶ ብርማ ቀለም መቀባት ነው፤ ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ ማንም አይለየውም። አንድ ፈረሰኛ ብቻ የሚንኳኳ ብረት ይልበስ። አንድ ሰው ሲንኳኳ ያስቃል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ሲንኳኩ የዘፈኑን ግጥም ይበሉታል።

ሁለት አፍ በአንድ ትንፋሽ

ተውኔቱ የቆመበት ቀልድ የጥንት እንግሊዝኛና የ1920ዎቹ የኒው ዮርክ ጎዳና ቋንቋ ድብልቅ ነው። ግእዝ ቀመስ የቤተ ክህነት አነጋገርና የአራዳ ቋንቋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢገናኙ የሚሰማውን ያስቡት። ከተውኔቱ ሁሌ የሚጠቀሰው ንግግር «ሚቲንክስ» (ይመስለኛል) በሚል የጥንት ቃል ይጀምራል፣ «ዴምዝል» (ወይዘሪት) በሚል የቤተ መንግሥት ቃል ያልፋል፣ «ብሮድ» በሚል ሴትን በሚጠራ የመንደር ቃል ይዘጋል።

ቅደም ተከተሉ ድንገተኛ አይደለም። ጥንታዊው ክፍል መጀመሪያ መጥቶ ጆሮን ያዘጋጃል፤ መንደሬው ቃል የመጨረሻው ይሆናል። ተገላቢጦሽ ቢሆን ታዳሚው በመጀመሪያው ቃል ይስቅና ቀሪው ግማሽ በሳቁ ይዋጣል። ከመንደሬው ቃል በኋላ አንድ ቃል እንኳ ሊኖር አይገባም። የጥንቱ ሰዋስው ደግሞ ትክክል መሆን አለበት፣ የግሡ መድረሻ ሳይቀር። በተሳሳተ ጥንታዊ ቋንቋ ላይ የተለጠፈ ዘመናዊ ቃል ሁለት የተበላሹ ነገሮች ስለሚሆን ግጭቱ ይጠፋል። ተዋናዩም ቀልድ መናገሩን እንዳያውቅ ሆኖ ይናገር፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ የታየ ፈረሰኛ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ወጥቷል።

ይህ ድብልቅ ለብቻው ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ አድማጭ ይለምደዋል። ተውኔቱ ያን የተሻገረው አካባቢውን በማንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ ላይ ዘመናዊው ሰው ማርቲን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ካሜሎት ራሷ ኢንዱስትሪ ገብቶባት እናገኛታለን። የትዌይን የሳሙና ፈረሰኞች እዚህ ተርፈዋል፦ «ዘ ሳንድዊች ሜን» በሚለው ዘፈን ፈረሰኞቹ ከፊትና ከኋላቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሸከማሉ። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ የካሜል ሲጋራን መፈክር የሚያላግጥ ነው። እውነተኛው መፈክር «ለካሜል ስል አንድ ማይል እሄዳለሁ» ይላል፤ ካሜሎት ላይ ማይሉ በጥንቱ የርቀት መለኪያ በፈርሎንግ ተተካ። ፈርሎንግ የማይል አንድ ስምንተኛ ነው፤ ፈረሰኛው በአፉ ከበሬታ ሲያሳይ በእግሩ ሰባት ስምንተኛውን ቀንሷል። ሰሌዳ ርካሽ ነው፣ ከብስክሌት ይቀላል፣ ሳቁም የሚመጣው ከተጻፈው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከነበሩት ማሽኖች ይህኛው መትረፉ የተውኔቱን መላ ስሌት ያሳያል።

በ1929 ሥራው ስሙ ተለውጦ በለንደን ዴሊስ ቴአትር ሲታይ ቶሎ ወረደ። ምክንያቱን ለአንድ ነገር ብቻ መስጠት ይከብዳል። ሆኖም ቀልዱ የሚሠራው አድማጩ የጎዳናውን ቋንቋ እንደ ራሱ፣ የአርተርን እንደ ሩቅ ሲሰማ ነው፤ ለለንደን ታዳሚ ሩቁ የኒው ዮርኩ ነበር።

ግርዶሹ

ከመጽሐፉ ትልልቅ ትርኢቶች ተውኔቱ ሊተወው ያልቻለው ግርዶሹን ነው፤ ማርቲን ከማገዶው የሚወርድበት ሌላ ምክንያት የለውም። ጥቅሙ ደግሞ ምንም ዕቃ አይጠይቅም፤ መብራት ብቻ።

የሚበላሸው በፍጥነት ነው። መብራቱ በሦስት ወይም በአራት ሰከንድ ከወረደ ታዳሚው ትዕይንቱ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል፤ ከዚያ በኋላ የንጉሡ አስማተኛ መርሊን ምን ቢል አይሰማም። እውነተኛ ግርዶሽ ከጅማሬ እስከ ሙሉ ጨለማ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ለመድረክ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ቅነሳ አይታወቅም፣ ዓይን እየለመደ ስለሚሄድ። ስለዚህ ማርቲን ከንጉሡ ጋር የሚያደርገው ድርድር የሚጀመረው እዚያ ላይ ይሁን፤ ታዳሚው ጨለማውን ከንጉሡ ፊት ነው ማንበብ ያለበት። ሙቁ ቀለም ቀድሞ ይውጣ፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ይቆይ። መጨረሻ ላይ የማርቲንና የንጉሡ ፊት ላይ ጠባብ መብራት ይተው፤ በድቅድቅ ጨለማ የተነገረ ቀልድ ግማሽ ሳቁን ያጣል፣ ሰው አፍ ሳያይ መሳቅ ይከብደዋል። የመመለሻው ብርሃን በተቃራኒው ፈጣን ይሁን፦ ንጉሡ «ተስማማሁ» ባለበት ቃል ላይ።

ሊወጣ የነበረው ዘፈን

ማርቲንን ዊልያም ጋክስተን፣ አሊስ/ሳንዲን ኮንስታንስ ካርፔንተር ተጫወቱ። የዳንሱ ሥራ በኋላ በሆሊውድ ፊልሞች ስሙ የገነነው የባዝቢ በርክሊ ነበር። ፕሮዲዩሰሮቹ የኸርበርት አባት ሉ ፊልድስና ላይል አንድሩስ ናቸው። ሉ ፊልድስ ራሱ ታዋቂ የመድረክ ኮሜዲያን ነበር።

ሁለቱ ዋና ዘፈኖች ጎን ለጎን ሲታዩ ሥራው ይገለጣል። በመግቢያው ያለው «ማይ ሃርት ስቱድ ስቲል» ግጥሙ ከሞላ ጎደል ባለ አንድ ክፍለ ድምፅ ቃላት ነው፤ ቀላል፣ ዘመናዊ፣ ልብን ቀጥ የሚያደርግ። ካሜሎት ላይ ያለው «ዛው ስዌል» ግን ገና በርዕሱ የጥንቱን «አንቺ» ከዘመኑ የጎዳና ውዳሴ ጋር ያጋጫል። ማርቲን ያችኑ ሴት በሁለት ዘመን ያወድሳታል፦ አንዴ በራሱ ቋንቋ፣ አንዴ በሁለቱ ድብልቅ። የመጀመሪያው ዘፈን ከሌለ ሁለተኛው ቀልድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ስላለ የፍቅር ዘፈንም ይሆናል።

ሆኖም «ዛው ስዌል» ሊቆረጥ ነበር። ኒው ዮርክ ከመድረሱ በፊት በፊላዴልፊያ በነበረው የሙከራ ትርዒት አልሠራም፤ ይውጣ የሚል ግፊት መጣ። ሮጀርስ ቢያንስ እስከ ኒው ዮርክ መክፈቻ ይቆይ ብሎ ተከራከረ። በመክፈቻው ምሽት ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነበር፤ አዝማቹ ከገባ ስምንት መስፈር እንኳ ሳይሞላ የታዳሚው ስሜት ከጀርባው እንደተሰማው በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ዘፈኑ የምሽቱ አሸናፊ ሆነ።

የሙከራ ከተማ ጥሩ መለኪያ የሚሆነው ለሴራ፣ ለርዝመትና ለልብስ ለውጥ ነው። በቋንቋ ግጭት ላይ ለቆመ ቀልድ ግን ደካማ መለኪያ ነው፤ ቃሉን በየቀኑ የሚናገር ጆሮ ሌላ ነው። አንድ ዘፈን ሲወድቅ ከመቁረጡ በፊት ቦታው፣ ፍጥነቱና ከሱ በፊት ያለው ንግግር መፈተሽ አለባቸው። ከበፊቱ ያለው ትዕይንት በድብልቁ ቀልድ የተሞላ ከሆነ ዘፈኑ ሲደርስ ቀልዱ አርጅቷል፤ መቀነስ ያለበት ከንግግሩ ነው።

የተተወው

ባርነቱ፣ የድሃው ገበሬ ኑሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ፍጥጫ፣ የ25,000ው ሬሳ ሜዳ፤ የትዌይን ቁጣ በሙሉ ማለት ነው። መጽሐፉ አርተርን ብቻ አይደለም የሚያላግጠው፤ በፋብሪካና በመትረየስ ሥልጣኔ አመጣለሁ ባዩን ሃንክንም በመጨረሻ ይከስሰዋል። ተውኔቱ ያን ክስ ሰርዞ ማርቲንን ትክክለኛዋን ሴት መምረጥ የከበደው ደግ ሰው አደረገው። ለ1927 የሙዚቃዊ ኮሜዲ ታዳሚ ሌላ መንገድ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ኪሳራው ግን እውነት ነው፦ ካሜሎትን ፋብሪካ ማድረግ መጽሐፉ ውስጥ አደገኛ ሐሳብ ነው፤ መድረኩ ላይ የዳንስ ምክንያት ሆኗል።

ዛሬ ጨለማውን ለመመለስ የሚሞክሩ አሉ፤ አብዛኛው ጊዜ ፍጻሜው ላይ ጭፍጨፋውን በድምፅና በጭስ ይጨምራሉ። አይያያዝም፣ ሕልም ነው ብለው ሲያበቁ ሞት ማምጣት ስለሆነ። ጭካኔው ቦታ የሚያገኘው በቀልድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ይህንንም ያሳዩት ራሳቸው ደራሲዎቹ ናቸው፣ ከ16 ዓመት በኋላ።

የ1943ቱ እድሳት

ኖቬምበር 17 ቀን 1943 ሥራው በማርቲን ቤክ ቴአትር እንደ አዲስ ተከፈተ፤ በዚህኛው ጊዜ ፕሮዲዩሰሩ ሮጀርስ ራሱ ነበር። የመግቢያው ዘመን ወደ ጦርነቱ ተገፋ፤ ማርቲን የባሕር ኃይል መኮንን ሆነ። ሞርጋን ለ ፌይን የተጫወተችው ቪቪየን ሲጋል ናት፤ የገጸ ባሕርይዋ ክፍል ለሷ ሲባል እንዲሰፋ ተደረገ። «ቱ ኪፕ ማይ ላቭ አላይቭ» የተባለው ዘፈን ባሎቿን አንድ በአንድ እንዴት እንደገደለቻቸው የምትዘረዝርበት ነው። ምክንያቷ ቀጥ ያለ ነው፦ በአንዱም ላይ አልማገጠችም፤ ፍቅሯ እንዳይቀዘቅዝ ገደለቻቸው እንጂ።

የዝርዝር ዘፈን ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ባል አንድ ጥፋት፣ አንድ ሞት፣ አንድ ቤት መምቻ አለው፤ ሞቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ዜማው ጨዋና እርጋታ ያለው ስለሆነ ዘፋኟ መጮህ የለባትም። አንቀጾቹን ሁሉ የሚዘፍን ሰው ታዳሚው ቀድሞት እንዳይስቅ የአገዳደሉን ስልት በየተራው መለዋወጥ አለበት፤ ሁለት መርዝ ተከታትሎ አይመጣም።

ይህ የሃርት የመጨረሻ ግጥም ሆነ። በመክፈቻው ምሽት ታሞና ሰክሮ ነበር፤ ኖቬምበር 22 በሳንባ ምች አረፈ፣ 48 ዓመቱ ነበር። እድሳቱ 135 ጊዜ ታይቶ ወረደ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሮጀርስ ከኦስካር ሃመርስታይን ጋር የሠራው «ኦክላሆማ!» ተከፍቶ ነበር፤ ዘፈኑ ከታሪኩ የማይነጠልበት ያ ሥራ የታዳሚውን ጆሮ ቀይሮታል፣ በቃላት ጨዋታ የሚንሸራተት የ1927 መዋቅር አጠገቡ ሲቆም የሳሳ ይመስላል። በዚያ ላይ የመግቢያውን ልብስ ወደ ወታደር ልብስ መቀየር ቋንቋውን ከ1920ዎቹ አያወጣውም። ወይ ሁሉም ይታደሳል፣ ወይ ምንም አይነካ።

ለሚያዘጋጀው

መጀመሪያ የሚወሰነው የየትኛው ዓመት ጽሑፍ እንደሚሠራበት ነው፣ ምክንያቱም የመብቱ ሁኔታ አንድ አይደለም። የ1889ኙ ልብ ወለድ ነፃ ነው፤ ማንም ከሱ አዲስ ተውኔት መጻፍ ይችላል። በ1927 የታተሙ ዘፈኖች አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ለ1943ቱ የተጨመረው የሞርጋን ዘፈን ግን አሁንም የተጠበቀ ነው፤ የኦርኬስትራ ቅንብርና የመድረክ ጽሑፉም ከዘፈኑ የተለየ የራሳቸው ሁኔታ አላቸው። በሌላ አገር የሚሠራ ደግሞ ሃርት በ1943፣ ፊልድስ በ1958፣ ሮጀርስ በ1979 እንዳረፉ ይያዝ፤ ብዙ አገሮች ጥበቃውን የሚቆጥሩት ከደራሲው ሞት ነው። የ1927ቱን ዘፈኖች ይዞ የሞርጋንን ዘፈን ያለ ፈቃድ መጨመር በብዛት የሚፈጸም ስህተት ነው፤ ዘፈኑ ጥሩ ስለሆነ ፈተናው ትልቅ ነው።

ማስታወቂያዎቹን ወደ ዛሬ መለወጥ ያጓጓል። መግቢያው በ1927 ከቀረ ሰሌዳዎቹም እዚያው ይቅሩ፤ የካሜልን መፈክር የማያውቅ ታዳሚ ከሆነ እውነተኛውን መፈክር በመግቢያው ድግስ ላይ በአንዱ እንግዳ አፍ ማስገባት ይቻላል፣ ካሜሎት ላይ ሲመጣ ያስታውሰዋል። መግቢያው ወደ ዛሬ ከመጣ ግን የጎዳናው ቋንቋ በሙሉ እንደገና መጻፍ አለበት፣ «ዛው ስዌል»ን ጨምሮ፤ እሱን የሚነካ እጅ ደግሞ የሃርትን ያህል ቤት መምታት ያለበት እጅ ነው።